ሲጥ የማይል መሳቢያ

ትናንት የበራችው አምፖል ዛሬ ምን ነካት?

መሳቢያውን ደግማ ሳበችው። ኮሽ ሳይል ወጣ፣ ኮሽ ሳይል ገባ። የአተር ፍሬ የምታክለው አምፖል እንደጨለመች ቀረች።

ከባሕር ማዶ ተመልሳ በአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት ጥግ ከያዘች ሦስት ወሯ ነው። በመሳቢያው ጎን የለጠፈችው ፕላስቲክ ከአሉሚኒየም ጋር ሲፋተግ አምፖሏን የሚያበራ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ገጹ ሲሻክር የበለጠ ይሰጣል ብላ ሳምንት ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍገው ከርማለች። አሁን በጣቷ ዳሰሰችው። እንደ እንቁላል ቅርፊት ለስልሷል።

"አባዬ፣ ይሄን ማን ነካው?"

አናጢው ከመላጊያቸው ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር።

"እኔ ነኛ። ከጠዋት ጀምሬ በደቃቁ ወረቀት አለሰለስኩልሽ። ስምንት ዓመት ተምረሽ ሲጥ ሲጥ የሚል መሳቢያ ይዘሽ ሰው ፊት ልትቀርቢ? የማን ልጅ ናት ቢሉሽስ?"

"መፋጨቱን ፈልጌው ነው።"

"መሳቢያ ተፋጭቶ ምን ሊሆን?"

"አባዬ፣ የማታውቀውን አትንካ። የለፋሁበትን አበላሸኸው።"

አርባ ዓመት እንጨት ሲያለሰልሱ የኖሩት ሰውዬ መዳፋቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

"እሺ" አሉ።

ባሕር ማዶ ሳለች ለላከችላቸው መልእክት ሁሉ፣ ለረጅሙም ለአጭሩም፣ የሚመልሱላት ይህንኑ አንድ ቃል ነበር። ያን ቀን ግን ሽርጣቸውን አውልቀው በጊዜ ወደ ቤት ሄዱ። በማግስቱ ደም ግፊት ጣላቸው፤ ራሳቸውን እንደሳቱ ሆስፒታል ገቡ።

ዘጠኝ ቀን ሆነ። ሆስፒታል የምታድረው ታላቅ እህቷ ናት። ታናሺቱ ከጠያቂ ሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ቤቱ ትመለሳለች፤ ቤት መቀመጥ አልሆነላትም። አባቷ ያለሰለሱትን ፕላስቲክ አንስታ ሌላ ሻካራ ለጥፋ፣ በቀን ሺህ ጊዜ መሳቢያውን ትስባለች። አምፖሏ መጀመሪያ ቦግ አለች። በዘጠነኛው ቀን ሻካራው ተልጎ አልቆ፣ ብርሃኗም ደከመ።

ያንን ያለሰለሱትን መልሳ ልታሻክረው አነሳች። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ወለወለችው፤ ጨርቁ ላይ ነጭ ብናኝና የመዳፋቸው ወዝ ወጣ። ምን እንደገፋፋት አታውቅም፣ እንዳለ ለጥፋ ሳበችው።

በራች።

መቶ ጊዜ ሳበችው። ሲጥ አላለም፣ አልደከመም። አምፖሏን ያጠፋት ብናኙና ወዙ እንጂ ልስላሴው አልነበረም።

እህቷ ጋ ደወለች።

"ነቃ?"

"አልነቃም። ምነው?"

"ስልኩ አጠገቡ ነው?"

"ትራሱ ሥር። ቻርጅ አደርግለታለሁ፣ ምን እንደሚያደርግለት እንጃ።"

የብርጭቆ ወረቀቱን ጠቅልላ ከአባቷ መላጊያ ጎን አስቀመጠችው። ከዚያ ጻፈች፦ "አባዬ፣ ያንተ መሳቢያ በራ። አላበላሸኸውም።" ላከችው።

መሳቢያውን እየሳበች፣ እየመለሰች ጠበቀች። የፈለገችው አንዲት "እሺ" ብቻ ነበር። ያቺ ቃል ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣችም።