ኦገስታ ያልደረሰው ጠመንጃ

መስከረም ላይ ወንዶቹ ድምፅ ሰጡ። ጥር ገባ፤ የግዛታችን የሜይን አገረ ገዥ ማን እንደሆነ ግን የሚነግረን ጠፋ። ሁለቱም ወገን ምርጫው ተሰረቀ ይላል። ዋና ከተማችን ኦገስታ ላይ የታጠቁ ሰዎች ምክር ቤቱን ከበዋል ተባለ።

ልጄ አልደን የአባቱን ጠመንጃ ከግድግዳው አወረደ። ባሌን የወሰደው ጦርነት የመለሰልኝ ያንን ብቻ ነው።

"ቅር፣ ልጄ።"

"እማዬ፣ አባዬ ቢኖር ይሄድ ነበር።"

"አዎ፣ ይሄድ ነበር" አልኩት።

ሻርፑን ረስቶ ስለወጣ እስከ ወንዙ ተከተልኩት። ጎረቤታችን ኢኖክ፣ የዚያኛው ወገን ደጋፊ፣ ፈረሱ በሚጎትተው መጋዝ የወንዙን በረዶ ለሽያጭ እየቆረጠ ነበር።

"ወዴት ነው ጀግናው? ጠመንጃው ይረዝምሃል እኮ!"

"የእናንተን ሌባ ገዥ ላወርድ ነው፣ ጋሽ ኢኖክ።"

"መጀመሪያ ንፍጥህን አውርድ፤ በረዶ ሆኗል!"

ሳቁን ሳይጨርስ በረዶው ከፈረሱ ሥር ተሰነጠቀ።

"ገመድ!" ብሎ ጮኸ።

በእኛ ወንዝ ይህን የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ ጠላትም ቢሆን። በረዶ ላይ የሚሠራ ፈረስ አንገቱ ላይ ሸምቀቆ አለ። ሲሰጥም በሸምቀቆው ያንቁታል፤ ትንፋሹ ታፍኖ ሲነፋ ይንሳፈፋል፣ ያኔ ይጎተታል።

አልደን ጠመንጃውን ጣለና ሮጠ።

"እነቀው! አትራራለት!" ይላል ኢኖክ።

ጠመንጃው በረዶው ወደተቆረጠበት ውሃ ሲንሸራተት አየሁት። አልጮህኩም። ገባ።

ፈረሱ እያለከለከ ወጣ። ኢኖክ ካፖርቱን አውልቆ ለልጄ አለበሰው።

"የራሰ ሱሪህ በረዶ ሆኖ እንደ ሳንቃ ደርቆ የትም አትሄድም። ና፣ ፈረሱን እያሯሯጥክ አሙቀው፤ አንተም ትሞቃለህ።"

ቆይቶ አልደን ዞር ዞር አለ። "እማዬ፣ የአባዬ ጠመንጃ..."

"ሲገባ አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"እጅህ ገመዱ ላይ ነበር።"

ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠመጠምኩለት። አንገቱን ጎንበስ አደረገልኝ።

ቅዳሜ ኢኖክ ባቄላ ሊበላ ቤታችን መጣ። ፍርድ ቤቱ ለእኛ ወገን ፈርዷል፤ የታጠቁትም አንድ ጥይት ሳይተኮስ ተበትነዋል።

"ተሸነፍን" አለ ሳህኑን እየገፋልኝ። "ባቄላ ጨምሪልኝ እንግዲህ።"

አልደን ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። ኢኖክ ቀና ብሎ ጠመንጃው ይሰቀልበት የነበረውን ሚስማር አየ። የአልደን ሻርፕ ተሰቅሎበታል። ሳህኑን ይበልጥ አስጠጋልኝ፤ እኔም ባቄላውን ጨመርኩለት።