ለስታትስቲክስ ዲ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰው ለጋብቻ ሽማግሌ ይልካል። ለተጣላ ወንድም ይልካል፤ አኩርፋ ለወጣች ሚስትም ይልካል። ለስታትስቲክስ ውጤት ሽማግሌ ይዞ የሄደ ሰው ግን ከአቶ ተገኝ በፊት መኖሩን እኔ አልሰማሁም።

ጣጣው የመጣው በልጃቸው በራኬብ አፍ ነው። ራኬብ ኮሌጅ ልትጨርስ ዓመት ሲቀራት አሜሪካ ውስጥ ደንዉዲ በምትባል ከተማ ያለ አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የሥራ ኦፈር ሰጣት። እየሠራች ማታ ማታ ማስተርሷን እንድትማርም ሊከፍልላት ቃል ገባ። ቤተክርስቲያን ውስጥ እልል ተባለላት። እሷም "ከዚህ በኋላማ አለቀ" ብላ ክላስ መግባቱን ቀስ በቀስ ተወችው። ኦፈሩ ላይ ግን ጂፒኤዋ ከሦስት እንዳይወርድ የምትል አንዲት መስመር ነበረችበት። አንብባታለች። ግን ኦፈር በእጁ የያዘ ሰው እንዲህ ያለችውን መስመር ከቁም ነገር ይቆጥራታል?

በመጨረሻው ሴሚስተር ስታትስቲክስ ላይ ዲ መጣ። ጂፒኤዋም ከሦስት በታች ወረደ። ድርጅቱ የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት እስከ ዓርብ እንድትልክ ጻፈላት፤ ማስተርሱን የምትማርበት ክፍልም ያንኑ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ አላት። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ልቧ ድው ይላል፤ ኢሜይሏን ከፍታ ሳታነብ ትዘጋዋለች።

አባቷ ምን እንደሆነች ሲጠይቋት እውነቱን ለማውጣት ፈራች። "ፕሮፌሰሩ ጥምድ አድርጎ ይዞኝ ነው፣ አባዬ" አለቻቸው። "አሳይመንቱን ሰብሚት አድርጌ አልደረሰኝም አለኝ። ስሜን እንኳን አስተካክሎ መጥራት አይፈልግም።"

አቶ ተገኝ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው። "እሺ" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ራኬብም ነገሩ በዚሁ የተዘጋ መሰላት። አይ ራኬብ! የሐበሻ አባት "እሺ" ብሎ ዝም ሲል ነገር እያሰበ መሆኑን አሜሪካ ያደገ ልጅ የት ያውቃል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ደወሉላት። "ፕሮፌሰርሽ ጋ በኢሜይል ቀጠሮ ይዘናል። በሩ ላይ ነንና ቶሎ ነይ።"

"እነማን ናችሁ?"

"እትዬ ዘውድነሽና ጋሽ ቶማስ አብረውኝ አሉ።"

ጋሽ ቶማስ የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። እትዬ ዘውድነሽ ደግሞ ሮዝዌል ከተማ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚንከባከብ ድርጅት አላቸው፤ ከጉባኤው ባልና ሚስት ግማሹን ያስታረቁት እሳቸው ናቸው ይባላል። "አባዬ፣ ተው፣ እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም" አለች።

"አንቺ ምንም አትናገሪ። የሚናገረው ሽማግሌ ነው" አሏትና ስልኩን ዘጉት።

በዚያች ደቂቃ "ዋሽቼሃለሁ" ብላ መልሳ ብትደውል ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቆም ነበር። እሷም አውቃዋለች። ግን ፍርሃት ምላስ ያስራል፤ መኪናዋን አስነሥታ በረረች።

ሦስቱም ሱፋቸውን ለብሰው፣ ልጅ ለመጠየቅ እንደመጡ ሽማግሌዎች ተደርድረው ጠበቋት። ፕሮፌሰሩ በሩን ከፈተና "ራኬብ፣ እንኳን መጣሽ" አላት። ስሟን ልክ እናቷ እንደምትጠራት አድርጎ ነበር የጠራት። አቶ ተገኝ ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ። አንዴ ብቻ ነው ያዩዋት፤ እሷ ግን ዓይኗን ሰበረች።

ገብተው ሌሎቹ ሲቀመጡ እትዬ ዘውድነሽ እንደቆሙ በእንግሊዝኛ ጀመሩ። "ልጃችን አጥፍታ ከሆነ ጥፋቷን እኛ እንሸከማለን። እርስዎም ተቀይመውባት ከሆነ ለሽበታችን ብለው ይተዉላት። የሠራችው ሥራ ከጠፋ ተፈልጎ ይታይልን፤ እንጀራዋ እንዳይዘጋ።"

ፕሮፌሰሩ ግራ ገባው። አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ራኬብን አየ። "በማንም ተማሪ አልተቀየምኩም" አለ ቀስ ብሎ። "የተማሪን ውጤት ግን ያለ ተማሪው ፈቃድ ለወላጅም ቢሆን መናገር ሕጉ አይፈቅድልኝም። ራኬብ ከፈቀደች ሁሉንም ከዚህ ኮምፒውተር ላይ አሳያችኋለሁ። የጻፍኩላትንም ጭምር።"

የጻፈላትን ራኬብ ታውቀዋለች። ክላስ መግባቷን እንደተወች አይቶ፣ ነይ እንነጋገር፣ አሳይመንቱን ዘግይተሽም ብታመጪ እቀበልሻለሁ ብሎ ደጋግሞ ጽፎላት ነበር። አንዱንም አልመለሰችለትም። የመጨረሻውንማ አልከፈተችውም።

"ትፈቅዳለች" አሉ አቶ ተገኝ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። "ልጄ የምትደብቀው ነገር የላትም።"

አራቱም ወደ እሷ ዞሩ። እሺ ብትል አባቷ ያነባሉ። እምቢ ብትል ደግሞ ማንም ማንበብ አይችልም፤ ሕጉ ከእሷ ጋር ነው። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ቀዳዳ ካየ የት እንደሚያወጣው ሳያይ ይሾልካል።

"አልፈቅድም" አለች።

ጋሽ ቶማስ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አቶ ተገኝ ለአፍታ የሰሙት ያልገባቸው መሰሉ። ከዚያ ገባቸው። የደበቀ ሰው ብቻ እንደዚህ እንደሚል ለመረዳት ኮምፒውተሩ አላስፈለጋቸውም። ተነሡ፤ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉና የፕሮፌሰሩን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ዝቅ አሉ። "ይቅርታ ያድርጉልን" አሉት። "ሥራ አስፈታንዎት።"

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ራኬብ እውነቱን ትዘረግፈው ጀመር። "አሳይመንቱን አልሠራሁትም፣ አባዬ። ክላስም አልገባሁም። እሱ እየለመነኝ ነው ዝም ያልኩት። ነገ ትራንስክሪፕቱን ሲያዩ ኦፈሩን ይወስዱታል፤ ማስተርሱም ይቀራል። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።"

"ሥራው ይቅር" አሉ አቶ ተገኝ። ድምፃቸው ሲሰበር ሰምታ አታውቅም ነበር። "እኔ ግን ሰውየውን ሰሞኑን በጸሎት ስከስሰው ነው የከረምኩት። ተንበርክኬ። ልጄን የበደለ ብዬ።"

ራኬብ ይቅርታ ልትል ወደ አባቷ አንድ እርምጃ ተጠጋች።

እትዬ ዘውድነሽ አንዴ አባትን፣ አንዴ ልጅን አዩ። "እንግዲህ እኛ ልናስታርቅ ነው የመጣነው" አሉ። "ሰውየው እንደሆነ ከማንም አልተጣላም። የምናስታርቀው ማንን ነው?"

"እኔንና አባዬን" አለች ራኬብ።

እትዬ ዘውድነሽ ተማሪዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ አሉ፤ ጋሽ ቶማስም አጠገባቸው ተቀመጡ። "በሉ ቁጭ በሉ" አሉ እትዬ ዘውድነሽ።

ራኬብ ተቀመጠች። አባቷ ግን እንደቆሙ ነበሩ።