አልጋው ቀዝቅዞ አያውቅም

እኔ ቤት አልጋ ቀዝቅዞ አያውቅም ነበር። ጠዋት ጥጤ ወደ ክር ፋብሪካው ሲሄድ፣ ግራሶ ከዚያው ፋብሪካ ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ ይተኛበታል። ማታ ጥጤ ሲመለስ ግራሶ ወጥቷል። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ሁለት ተከራይ። በሩ ሲከፈት የአልጋውን እግር ይገጫል፤ እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ነኝ። ሁለቱም ሥራ ፍለጋ ከየአገራቸው የመጡ ናቸው። ቅጽል ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ጥጤ ፈታይ ነው፤ ፀጉሩ ላይ ጥጥ ሳይዝ ገብቶ አያውቅም። ግራሶ መካኒክ ነው፤ ጥፍሩ ውስጥ ያለውን ግራሶ ምንም ሳሙና አያስለቅቀውም።

ዕረፍት ሲደርሳቸው የአገራቸው ልጆች ዘንድ ስለሚያድሩ ተያይተው አያውቁም። መናቆርስ ይናቆሩ ነበር፤ በእኔ በኩል።

«እትዬ፣ ያንን ዘይታም ንገሪልኝ! ትራሱን የማሽን መወልወያ አደረገው እኮ!» ይላል ጥጤ።

እኔ ለግራሶ፣ «ወንድምህ እጁ እንዳይሰነጣጠቅ ቅባት ግዢለት ብሎ ተጨንቋል» እላለሁ።

ግራሶ ደግሞ፣ «ያ ጥጣም አልጋው ላይ ጥጥ ይዘራል እንዴ? ሳስነጥስ ዋልኩ!» ይላል።

ለጥጤ፣ «ብናኙ ደረቱን እንዳይጎዳው አፉን ይሸፍን አለህ» እላለሁ።

ታዲያ ምን ላድርግ? ባሌ ከሞተ ወዲህ ዝም ያለ ቤት እፈራለሁ። ተኳርፈው አንዱ ቢወጣብኝስ? ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይላሉ፤ የእኔው ሲጠግን አይቻለሁ። ግራሶ ትራሱ ላይ ፎጣ ማንጠፍ ጀመረ። ጥጤም ልብሱን ደጅ አራግፎ ይገባ ጀመር።

ኋላ ፋብሪካው ገበያ ቀነሰ ብሎ የሌሊት ፈረቃውን ዘጋና ሁሉንም ወደ ቀን አዞረ። ጉድ ፈላ! አንዱን ላስወጣ ነው። ግን ማንን? ሁለቱም ልጆቼ ሆነዋል።

ሲመሽ እኩል ደረሱ። ግራሶ በሩን ሞልቶ ቆመ፤ ጥጤ ትከሻው ላይ አይደርስም።

«ጥጤ አንተ ነህ?»

«ግራሶ!»

ተቃቀፉ። የእናት ልጅም እንዲህ አይተቃቀፍም።

«አልጋው ያንተ ነው» አለ ጥጤ። «ለደረቴ ያሰብክልኝ አንተ ነህ።»

«በሞቴ! ለእጄ ቅባት ይገዛለት ያልከውስ አንተ አይደለህ?»

ጥጤ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ኧረ... ቀላል ነው» አለ፤ ምን ይበል?

አንተ ተኛ፣ የለም አንተ ተኛ ሲባባሉ ቆዩና ግራሶ ጭኑን መታ። «ቆይ፣ ለምን እንለያያለን? ሰፋ ያለ ክፍል ፈልገን አብረን አንገባም?»

«እኔስ?» ማለት አቃተኝ። በማግስቱ ክፍል አግኝተው ጉንጬን ስመው፣ «ደጓ እትዬ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። የገዛ ውሸቴ ሁለቱንም ወሰደብኝ። አንሶላውን አጥቤ አነጠፍኩና እጄን ባሳርፍበት ቀዝቃዛ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሥራ ሲቀንስ ተከራይም ይጠፋል፤ አልጋው ባዶውን ከረመ። አንድ የዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ የአልጋውን እግር ገጨው። ጥጤ ነው፤ ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«እትዬ! ያ ጨዋ ያልሽኝ ሰው ሲያንኮራፋ ጣሪያ ያነሳል! እንቅልፍ የሚባል አላየሁም!»

«አንድ ቤት እያላችሁ ራስህ አትነግረውም?»

«ፊቱን እያየሁ? ይከፋዋላ! አንቺ ንገሪልኝ፤ አንቺ ታውቂበታለሽ።»

«እሺ ልጄ፣ ተቀመጥ» አልኩት።

ስሞታውን ሳይጨርስ እዚያው አልጋው ላይ እንቅልፍ ጣለው። እኔም ለግራሶ የምለውን እያሰብኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሲመሽ ተነስቶ ሄደ። አንሶላውን አልቀየርኩም፤ ግራሶም በተራው ሊከሰው እስኪመጣ እንዳይቀዘቅዝ ብርድ ልብስ ደረብኩበት።