የባዕድ ለቅሶ

ፊራኦል የተቀበረው ማክሰኞ ነው። እኔ ያየሁት እሑድ፣ ነቀምቴ፣ ስልክ የምጠግንባት ኮንቴይነር ውስጥ ተቀምጬ። ስልኬ ላይ የመጣው የቀብሩ ፎቶ «ከአምስት ቀን በፊት» ይላል። የተቀበረባት ሲሬ ደግሞ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት።

ከኪራሙ ግጭት ብቻዬን ሸሽቼ ስመጣ ያስጠጋችኝ እናቱ ናት። ዓመት ሙሉ ከልጇ ከሊሊሴ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ተኝቻለሁ። ፊራኦል ወንድሜ ነበር፤ ሌላ የለኝም።

ከወር በፊት ስልኬን ሳገላብጥ አንድ የማላውቀው ሰው ቀብር ላይ አውራ ጣቴ ቆየ። በቃ፣ ስልኬ ላይ የሚመጣውን የሚመርጠው፣ አልጎሪዝም የሚሉት ጉድ፣ «ይቺ ለቅሶ ትወዳለች» ብሎ ፈረደብኝ። ጠዋት የሐዋሳ ሬሳ፣ ከሰዓት የደሴ ሙሾ። «አልፈልግም» የሚለውን ስንቴ ተጫንኩት! አንድ ቀን ዝም ይልና የሕፃን ሬሳ ሳጥን ይዞ ይመለሳል። ማንም ሳያስተምረኝ የከተማውን የሞተ ስልክ የማስነሳ ሴት የራሴን መግራት አቃተኝ። ፊራኦልም በማላውቃቸው ሁለት ሙታን መሀል መጣ።

ዘግቼ ሲሬ ሄድኩ። ሊሊሴ በር ላይ ቆማለች።

«አሁን መጣሽ?»

«ዛሬ ነው ያየሁት። እናቴን!»

«አንቺ? የስልክ ሐኪሟ? ‹መደወል የድሮ ሰው ሥራ ነው፣ ገጻችሁ ላይ ለጥፉት› ብለሽ ያስተማርሽን ማን ሆነሽ ነው? ሽማግሌው ኦቦ ሞረዳ መርዶ ሊነግሩሽ ተነሥተው ነበር። ‹እሷ ከሁላችን ቀድማ ታያለች› ብዬ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።»

ምላሴን የሚፈሩት ብዙ ናቸው። ያኔ ግን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለመግባት በሩን ተጠጋሁ።

«እሺ፣ አላየሽም እንበል» አለች። «ማክሰኞ ከቀብር ስንመለስ የአንቺን ግን አየን።»

ስልኳን አሳየችኝ። የአንድ የደሴ ነጋዴ ቀብር ነው። ልጁ ስታለቅስ ደጋግሜ ያየሁት ነው። ከሥሩ የእኔ ስም፦ «ልቤ ተሰበረ። ነፍስ ይማር።» ሦስት የሚያለቅሱ ፊቶችም ደርድሬበታለሁ።

የእነሱ መርዶ እኔ ዘንድ አልደረሰም። የእኔ የባዕድ ለቅሶ ግን የፊራኦል አፈር ሳይደርቅ እጃቸው ገብቷል።

«አልጎሪዝሙ ነው፣ እሱ ነው የሚመርጠው...» አልኩ።

«ማነው እሱ? ዘመድሽ ነው?»

ጫማዬን በሩ ላይ አወለቅሁ።

ገባሁ። ሃዳ ፊራኦል፣ የፊራኦል እናት፣ ከቤተሰቡ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ላይ ወደቅሁ። ድሮ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ነበር የምትለኝ። አሁን እግሯን ቀስ አድርጋ ሰበሰበች። ብትቆጣ ኖሮ እከራከራት ነበር፤ አልተቆጣችም።

«ሊሊሴ» ብላ ተጣራች፣ «እንግዳ መጥታለች። ወንበር አምጪላት።»

ወንበሩ መጣ። ተነሥቼ ተቀመጥኩበት።