አፍ የሌለው ጉድጓድ

«የኔታ፣ ትንሽ ይቅመሱ እንጂ» አለች ጎረቤታቸው ተዋበች፣ የንፍሮውን ሳህን ዳግመኛ ወደሳቸው እያስጠጋች።

መሪጌታ ዘበነ አንዲት ፍሬ ባቄላ አንስተው በጣታቸው ያሹዋት ጀመር፤ አልበሏትም። ዓይናቸው ከሚስታቸው ላይ አልተነሣም። ዳሱ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ፊታቸው አድርገዋል። ወለተ ሐና ብቻ ቅዳሴ እንደምትሄድ ሰው በደንቡ ለብሳለች። ልጄ አልሞተም ብላለች። ለቅሶ ደራሹ እግዚአብሔር ያጥናሽ ሲላት «ለምኑ?» ትላለች። በመሀል በመሀሉ በአፍ መፍቻዋ በኽምጣኛ ቀስ ብላ ታጉተመትማለች። የጻግብጂ ልጅ ናት፤ ጭንቅ ሲመጣ አማርኛው ጥሏት ይሄዳል።

ፍትሐትም አልተደረገም። አስከሬን ሳይወጣ፣ እናትየውም አለ እያለች፣ ለሕያው ሰው ፍትሐት መድገም ይሆናል ብለው ካህናቱ ፈርተዋል። መሪጌታን ሚስትዎን ያሳምኑልን ብለዋቸው ነበር። እሳቸው ግን በምን አፋቸው? አለ ብለው ያሳመኗት ራሳቸው ናቸው።

ወሬው የመጣው በስልክ ነው። ልጃቸው ዓለምነህ አበርገሌ ቆላ ውስጥ፣ አንድ የውጭ ድርጅት ቆፍሮ በጦርነቱ ጊዜ ትቶት የሄደው ዋሻ ገብቶ ወርቅ ይፈልግ ነበር። ሌሎቹ ፈርተው የተዉትን ዋሻ እሱ ብቻውን ያዘው። ጓደኛው አንዷለም ወንዝ ዳር ተቀምጦ አፈሩን ያጥባል፤ ዋሻው ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የዋሻው በር የተናደ ዕለት አንዷለም ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ ደወለላቸው። ዓለምነህ ጠዋት ሲለየው «ዛሬ ዊንዙ ውስጥ ነኝ» ብሎት እንደነበር ነገራቸው። ዊንዙ የት እንደሆነ ግን አያውቅም። ሰው ተሰብስቧል፣ ዶማና አካፋም አለ፤ የተናደውን በር ይጥረጉ፣ ወይስ ድርጅቱ ኮረብታው አናት ላይ ከተዋቸው ጉድጓዶች ባንዱ ይውረዱ? ሲል ጠየቃቸው።

ቃሉን መሪጌታ ያውቁታል። የሌላው ሰው ልጅ ከቆላ ሲመጣ ማር ይዞ ይመጣል፤ የሳቸው ልጅ ግን ቃል ይዞ ነበር የሚመጣው። የትርጓሜ መምህር የሆነ አባት ከማር ይልቅ በቃል እንደሚደሰት ያውቃላ። ቅኔ ቤቱን ትቶ ለፈረንጆቹ የድንጋይ ናሙና ተሸካሚ ሲሆን አባቱ ክፉኛ ተቀይመውት ነበር፣ ቅያሜውን ያበረዱትም እነዚያ ቃላት ናቸው። አንድ የፋሲካ ሰሞን እሳት ዳር ተቀምጦ «ይቺን ግን የኔታም አይፈቷትም» አላቸው። ዊንዝ የሚባል ጉድጓድ አለ። ስሙ ከየት እንደመጣ አለቃውን ቢጠይቀው ፈረንጆቹ ራሳቸው አልተስማሙበትም አለው። ገመድ ጠቅልሎ አፈር ከሚያወጣው መዘውር ነው የሚል አለ፤ ከነፋስ ነው የሚልም አለ።

መሪጌታ በጣም ደስ አላቸው። የገዛ ቃላቸው ሥሩ የጠፋባቸው ፈረንጆች! ጺማቸውን እየዳበሱ ቆዩና «አንድም ገመድ፣ አንድም ነፋስ» አሉ። «ነፋሱ ግን ይበልጣል። ገመድማ የትኛውም ጉድጓድ አለው።» ዓለምነህ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያም ጉድጓዱ ምን እንደሚመስል በእጁ እየሠራ ሊያሳያቸው ጀመረ። እሳቸው ግን ሥሩን ካገኙ ወዲህ የቀረውን የመስማት ትዕግሥት አልነበራቸውም፤ ሌላ ቃል ጠየቁት።

ስለዚህ ለአንዷለም ሳያመነቱ መለሱለት። ዊንዝ ማለት ነፋስ ነው፣ ነፋስ የሚያስገባ ከሆነ ወደ ላይ አፍ አለው፣ አፉን ፈልጉ አሉት። ስልኩን ዘግተውም ወደ ወለተ ሐና ዞሩ።

«ነፋስ ያገኛል» አሏት። «አይዞሽ፣ ይተነፍሳል።»

ይኸው ስንት ቀን አልፎ ሰው ሁሉ ተስፋ ቢቆርጥም ያቺኑ ይዛ ተቀምጣለች።

ከሰዓት በኋላ የተዋበች ልጅ ፅዮን ከወልድያ አውቶቡስ ወርዳ፣ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ለቅሶ ደረሰች። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የድንጋይና የማዕድን ነገር ነው። ሴቶቹ ዊንዝ ስለተባለው የነፋስ ጉድጓድ ሲያወሩ ሰማችና ፊቷ ተለወጠ። ተነሥታ መሪጌታን ወደ ጓዳ ጠራቻቸው።

«የኔታ፣ ዓለምነህ ዊንዝ ነው ያለው? እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ። የነፋስ ጉድጓድ ነው።»

ፅዮን ሽማግሌ እንዳይደነግጥ በሚጠነቀቅ ድምፅ ነገረቻቸው። ዊንዝ ከላይ አይጀመርም። ሰው ዋሻው ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ከዋሻው ወለል ላይ ወደ ታች የሚቆፍረው ነው። ሰማይ አያይም። ከታች ሌላ ዋሻ ካገኘ ነፋስ ያልፍበታል፤ ድርጅቱ ግን፣ ሪፖርቱን እንዳነበበችው፣ አበርገሌ ላይ ሁለተኛ ዋሻ ሳይቆፍር ነው የሄደው።

«መውጫው በየት ነው?» አሉ መሪጌታ።

«በገባበት በር ብቻ ነው፣ የኔታ።»

ስልካቸውን አውጥተው ሰጧት፤ ፅዮን ለአንዷለም ደወለችላቸው። ጉድጓዱ አፍ እንደሌለው፣ በሩን እንዲጠርጉ ነገሩት። ስልኩ ውስጥ የኮረብታው ነፋስ ብቻ ሲያፏጭ ኔትወርኩ የሄደ መስሏቸው «አለህ?» አሉት።

«አለሁ፣ የኔታ» አለ። «በመጀመሪያው ቀን በበሩ በኩል ድንጋይ የሚያንኳኳ ሰማሁ ያለ ሰው ነበር። እርስዎ አፉ በላይ ነው ስላሉን ትተነው ወጣን። ኋላ ተመልሰን ጆሯችንን ብናስጠጋ ምንም የለም።»

መሪጌታ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። ስንት ተማሪ ትርጓሜ አስተምረዋል፤ ስንቱን ሥሩን ሳትይዝ አትናገር ብለው ገሥጸዋል። ልጃቸው ግን ሥሩን አልነበረም ሊያሳያቸው የፈለገው። እጆቹ ታወሷቸው፤ አንደኛው እንደ ወለል ተዘርግቶ፣ ሌላው ከሥሩ ወደ ታች ሲወርድ። አይተውታል፤ አላዩትም።

ከጓዳ ሲወጡ ወለተ ሐና ቀና ብላ ፊታቸውን አየች። አጠገቧ ሄደው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ እሷ ከተቀመጠችበት ዝቅ ብለው። ቀስ ብለው ነገሯት፤ ጉድጓዱ አፍ የለውም፣ ነፋስም አይገባበትም አሏት።

«ሌላ አንድም የለውም?» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ትምህርታቸውን ስትሰማ ነው የኖረችው።

«የለውም።»

የቀረውን፣ ያንን የድንጋዩን ድምፅ ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ። እሷ ግን ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች። ጥለቱን ፈልጋ አገኘችው፤ ልትገለብጠው ስትል ጨርቁ ወደቀባት። አንደኛውን ጫፍ አንሥታ ለባሏ ሰጠችው።

«ያዙልኝ» አለች።

መሪጌታ ያዙላት።