ኤሊዋ ስትተኛ

ሰሊሆም ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ ዕድላዊት እጅ ላይ ተከለ። በጨዋታው ኤሊዋ ድመቱን የዘረረችው የልጅቱ ጣቶች እንኳ ሳይነቃነቁ ነበር።

ሲቀላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የጋሽ ካሱ ጌም ቤት ከኳስ ሌላ ጨዋታ አያውቅም ነበር። ይህ የካርቱን ድብድብ የገባው በቅርቡ ነው። ልጆች በቴሌቪዥን የሚያዩዋቸው እንስሳት ይቧቀሱበታል። ሥዕሉ ቁርጥ ካርቱኑን ነው፤ ጀማሪም ቁጭ እንዳለ ይለምደዋል። ነገር ግን ተደባዳቢዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም የቁራው ድምፅ የተውሶ ይመስላል። ትልቁ ነውሩ ድመቱ ነው፤ በእሱ ባላጋራውን ጥግ አስይዞ አንዷን ቁልፍ የደጋገመ ሰው አይረታም። ይህን ነውር ቀድሞ የደረሰበት ሰሊሆም ነበርና የቤቱ አውራ ሆነ። ቀርፋፋዋን ኤሊ የሚመርጥ አልነበረም፤ ዕድላዊት ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ አስጭና ስትመለስ ጎራ ማለት እስክትጀምር ድረስ።

«ይሄ ጆይስቲክ ነገር አለበት» አለ ሰሊሆም።

«ነገር ያለበት እጅህ ነው።»

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። ሰሊሆም አልሳቀም። ጋሽ ካሱ የእናቷ ወንድም ነው። በፕላስተር የተጠቀለለውን ጥቁር ጆይስቲክ ሁልጊዜ ለእሷ የሚያቀብላት እሱ ነው። ፕላስተሩም ትናንት አሮጌ ነበር፤ ዛሬ አዲስ ነው።

«አምጪው እስቲ፣ እንለዋወጥ። ነገር ከተገኘበት ይህን ደጃፍ ሁለተኛ አትረግጪም።»

«ካልተገኘበትስ?»

ሰሊሆም አግዳሚውን ቃኘ። ከተመረቀ ወዲህ ሥራ አላገኘም፤ «ሰሊሆም መጣ!» ተብሎ የሚነሣለት ቦታ ይህ ቤት ብቻ ነው።

«እኔ አልረግጥም» አለ።

«ሰማችሁ አይደል?» አለች ወደ አግዳሚው ዞራ።

ተለዋወጡ። ሰሊሆም ድመቱን አስነሥቶ ኤሊዋን ጥግ አስያዘና ቧጠጣት። ኤሊዋ ጭንቅላቷን ድንጋይዋ ውስጥ ከተተች፤ ድመቱ በገዛ ምቱ ተስፈንጥሮ ወደቀ። ሰሊሆም ጥቁሩን ጆይስቲክ ገለበጠው፣ ነቀነቀው፣ ጆሮው ላይ አደረገው። ምንም የለበትም።

«እንዴት አድርገሽ ነው?»

«ካርቱኑን አይተኸው ታውቃለህ?»

«የሕፃን ነገር ላይ ምን ጣደኝ?»

«እኔ ከታናሼ ጋር አየዋለሁ። ኤሊዋ ሲመጡባት ትተኛለች፤ የመታት ይወድቃል። እዚህም ምንም ካልነካህ ትተኛለች። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ውሸት! አንቺ ድመቱን ያዢ።»

ኤሊዋን መረጠና ጣቶቹን ከቁልፎቹ አነሣ። ድመቱ ተጠጋ።

«ተኛህ እንዴ! ለተረኛ ልቀቅ!» ሲል አግዳሚው አስተጋባ።

በዚህ ቤት እጁ ሥራ የፈታ ሰው ጆይስቲኩን ይነጠቃል። ጩኸቱን ያስለመደው ራሱ ሰሊሆም ነው። በዕድላዊትም ይጮኹባታል፤ ሙዝ ጫኞች መሀል ያደገች ናትና ጆሮዋ አይቆጥረውም። የእሱ ጆሮ ግን ቆጠረው። ጣቱ አልቻለም፤ ቁልፉን ተጫነ። ኤሊዋ ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች፤ የድመቱ ጥፍር አገኛት።

ሰሊሆም ጆይስቲኩን ወንበሩ ላይ አኑሮ ተነሣ።

«ተቀመጥ እንጂ፣ ጨዋታ አይደል እንዴ!» አለ ጋሽ ካሱ።

«አልረግጥም ብያለሁ፣ ጋሼ።»

ዕድላዊት ቀና ብላ አየችው፤ ቅር ብሏት ይሁን ደስ ብሏት ሊለይ አልቻለም።

ባጃጆቹ የሚሰለፉበት ጥላ ሥር ደርሶ ቆመ። ከኋላው አንዱ በእሱው ቅላጼ «ተኛሽ እንዴ!» ሲል ተሰማ። ቀጥሎ ድመቱ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ፣ ቀጥሎ ሳቅ።

እሺ፣ ኤሊዋስ ትተኛ፤ ግን ያ ፕላስተር ዛሬ ለምን ተቀየረ?

ሊጠይቅ ዞረ። ለመጠየቅ ደጃፉን መርገጥ ነበረበት።