አሥር ደቂቃ እመኚው

«ያ አልቆም የሚል ደሙ ነው አባትየውን የጨረሰው» አለች ጎረቤቲቱ፣ ሻዩዋን እፍ እያለች። «ለልጅቱም አውርሷታል አሉ።»

ልጅቱ ትሪ ይዛ ከኋላዋ ቆማ ነበር። «አባቴ የሞተው በልቡ ነው፤ ያውም በሰባ አራት ዓመቱ» አለቻት። ሴትየዋን ሻዩ ትን አላት።

ሐዘን ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። አጎቷ የአባቷን የአናጢ ቤት ቁልፍ ኪሱ ከቶ፣ ለመሣሪያው ሁሉ ገዢ አግኝቻለሁ ይላል።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እዚያ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ።»

«አባትሽ እያለ ነዋ! ደምሽ አይቆም፤ አንቺንም ልቅበር?»

«ይዘገያል እንጂ ይቆማል። ሐኪሙ ሕመሙ ቀላል ነው ብሏል። ጥርስ ሳስነቅል አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ደም የሚያቀጥን አስፕሪንም አልነካም። በቃ! አሁን ይክፈቱልኝ፤ አባቴ የጀመረውን ወንበር ልጨርስለት።»

አጎቷ እያጉረመረመ ከፈተላት።

ሠፈሩ አባቷን «አሥር ደቂቃ» ነበር የሚለው። በተቆረጠ ቁጥር በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ይዞ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየ ይቀመጣል፤ ደንበኛ ቢጮህም አይነሣም። እሷ ሥራ በጀመረች ሰሞን ተቆርጣ፣ ቆመ አልቆመ እያለች ጨርቁን ስትገላልጥ እጇን ያዛት። «ገልጠሽ ባየሽው ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል። አሥር ደቂቃ እመኚው» አላት። አርባ ዓመት ሠርቶ አሥሩም ጣቶቹ አብረውት ተቀብረዋል።

የወንበሩን እግር ስታስተካክል መሮው አምልጧት ጣቷን ቆረጣት። ደሙ ጠብ ጠብ አለ።

«አላልኩሽም!» አለ አጎቷ ከበሩ እየዘለለ።

መደርደሪያው ላይ አባቷ አጥቦ ያጠፈው ጨርቅ ነበር። በእሱ ጣቷን አጥብቃ ይዛ ሰዓቱ ፊት ተቀመጠች።

«እስቲ ልየው።»

«አይዩት!»

አጎቷ ዐርፎ አጠገቧ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ደርቃ የሰነበተችው ልጅ፣ በአራተኛው ደቂቃ ላይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። የምትጠርግበት እጅ አልነበራትም፤ እንዲፈስ ተወችው።

«አሥር ሞላ» አለ አጎቷ በቀስታ።

ገለጠችው። ቆሟል። አጎቷ ጣቷን አገላብጦ አየና ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ያላለቀው ወንበር ላይ አኖረው።

እሷ ቁልፉን አላነሣችም፤ እንባዋ ገና አልቆመም። የአባቷን ጨርቅ መልሳ ጣቷ ላይ አድርጋ፣ አጥብቃ ያዘችው።